ዓለም ትጠብቅ፣ እኛ ኳስ ላይ ነን!

ሲን የሚባል ተራራ የሚያክል አውሬ ከባህር እየወጣ ከተማ ያወድማል። ሕዝብ ያልቃል። አውሬውን ያጠፋሉ ተብሎ ተስፋ የተጣለባቸው ጥቂት ወጣቶች ረጅም ጉዞ ጀምረዋል። ታዲያ እነዚህ ወጣቶች በዚህ ሰዓት ምን እያደረጉ ይመስላችኋል? ግብ ጠባቂ እየፈለጉ ነው! «ለስንት ጨዋታ ትፈርማለህ? በጨዋታስ ስንት ትጠይቃለህ?» እያሉ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። አውሬውስ? አውሬው ይጠብቅ። ሊጉ አላለቀማ!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 10» ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጌሙ በመሠረቱ የጉዞና የፍልሚያ ታሪክ እንጂ የስፖርት ጌም አይደለም። ሆዱ ውስጥ ግን ብሊትዝቦል የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚካሄድ የኳስ ሊግ ይዟል። ታሪኩን ልጨርስ ብለው ተቀምጠው ሊጉ ውስጥ ሰጥመው የቀሩ ብዙ ናቸው። «ይህን ነገር ማን አመጣብኝ?» ብለው የረገሙትም አይተናነሱም።

እንዲህ በትልቅ ጌም ሆድ ውስጥ ተሸሽጋ የምትገኝ ትንሽ ጨዋታ ሚኒ ጌም ትባላለች። ስፖርት ገጽ ላይ ምን ትሠራለች የሚል አንባቢ ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ ከሚኒ ጌሞቹ ብዙዎቹ ስፖርት ናቸው። ሽጉጥ ታጥቆ ከፖሊስ የሚሮጠው ሰውዬ መሀል ላይ ቦውሊንግ ይጫወታል። ወንበዴው ቤዝቦል ይመታል። ሰይፍ የታጠቀው ጀግና ዓሣ ያጠምዳል፣ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ ወፍ ጋልቦ ይሽቀዳደማል። በሕይወቱ ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሕጉን የተማረው ከጂቲኤ ነው ብትባሉ አትደነቁ።

ጥያቄው ግን ሌላ ነው። አንዷን ሚኒ ጌም ለመጫወት ሰው ዋናውን ታሪክ ትቶ ሳምንት ይከርማል፤ ሌላዋ ደግሞ ጆይስቲክ ታስወረውራለች። ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው «አንዷ ቀላል፣ ሌላዋ ከባድ ስለሆነች ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በጣም ከባድ ሆነው የሚወደዱ አሉ፤ ሕፃን የሚጫወታቸው ሆነው የሚጠሉም አሉ። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ጉዳዩ በሩ ላይ ነው። ስትፈልግ የምትገባባት፣ ሲያቅትህ የምትወጣባት ጨዋታ ትወደዳለች። በሩን ቆልፋ «ሳታሸንፈኝ አታልፍም» የምትለው ደግሞ ታሳርራለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስትሸነፍ የምትከፍለው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሰዓቱ ይቆጥራል

«የምትከፍለው» ያልኩት እንዲሁ ለአፍ አይደለም። በየሰፈራችን ያሉት ጌም ቤቶች ኪሳቸው ለሳሳ ልጆች መጫወቻዎች ናቸው። ኳስ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ ብዙ ቦታም እንደ ጆተኒው ሁሉ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ተነስቶ ለተረኛው ይለቃል። ታሪክ ያለው ጌም ለመጫወት የመጣ ልጅ ግን የሚከፍለው በሰዓት ነው። ለእሱ አንድ ሰዓት ማለት ታሪኩ አንድ እርምጃ የሚራመድበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ በሩን የቆለፈች ሚኒ ጌም ላይ ደረሰ እንበል። አንዴ ሞከረ፣ አልሆነም። ደገመ፣ አልሆነም። ከኋላው ወረፋ የያዙት «ቀኝ! ቀኝ በል! አይ፣ አበላሸኸው!» እያሉ ይጮሃሉ። የጌም ቤቱ ባለቤት ሰዓቱን ያያል። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ደግሞ ሜሞሪ ካርድ ከሌለ የደረስክበት ሁሉ ይጠፋል፤ ነገ ከሀ ነው የምትጀምረው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተንጋሎ የሚጫወት የቶኪዮ ልጅ «ትንሽ አናደደችኝ» የሚላት ጨዋታ እዚህ የሳምንት ሳንቲም ትበላለች። ስለዚህ ጌም ሠሪዎች በር ሲቆልፉ ከማን ኪስ እንደሚወስዱ ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

በሩ ክፍት የሆነውን ለማየት ወደ 1991 እንመለስ። የካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 2» በየሦስት ፍልሚያው መሀል ቦነስ ያመጣ ነበር። ተቃዋሚ የለም፤ የቆመ መኪና አለ። በተሰጠህ ሰከንድ ውስጥ በቡጢና በእግር አድቅቀው! በቃ፣ ይኸው ነው። ከሆነልህ ነጥብ ታገኛለህ፣ ካልሆነልህ ቀጣዩ ቦክሰኛ ይመጣል። ማንም በዚያ መኪና የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ለእረፍት የተሰጠች ይመስል ትከሻህን ታላላለህ።

ከዚያም የምትበልጠው የናምኮ ሐሳብ ናት። በ1994 መጨረሻ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ «ሪጅ ሬሰር» የተባለው የመኪና እሽቅድምድም አብሮት ወጣ። ሲዲው እስኪነበብ መጠበቅ ግድ ነው። ናምኮዎች ታዲያ ጥቁር ስክሪን ከማሳየት ይልቅ «ጋላክሲያን» የተባለውን የ1979 የጠፈር ተኩስ ጨዋታቸውን እዚያች ክፍተት ውስጥ ወሸቁት። ጠላቶቹን በሙሉ ካረገፍክ ስምንት ተጨማሪ መኪናዎች ይከፈቱልሃል። ካቃተህስ? ምንም! እሽቅድምድሙ ይጀመራል። በከንቱ ያልፍ የነበረን ጊዜ ለተጫዋቹ መመለስ ማለት ይህ ነው። በሰዓት ለሚከፍል ሰውማ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

የሚያሳዝነው ናምኮ ይህን ሐሳብ በፈጠራ መብት አሳጠረው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ መብቱ ተሰጠው፤ ያበቃውም በ2015 ነው። በእነዚያ ዓመታት ጌም እስኪጫን ድረስ ሌላ ጨዋታ ላስገባ የሚል ኩባንያ መጀመሪያ ጠበቃውን ማማከር ነበረበት። ሐሳቡ ነፃ ከወጣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 መጣና መጠበቁን ራሱን ወደ ሰከንዶች አወረደው። አጥሩ ሲነሳ መስኩ ጠፋ እንደማለት ነው።

የተቆለፉት

አሁን ወደሚያሳርረው እንምጣ። በ1998 የወጣው የኮናሚው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ተሸሽጎ ማለፍን የሚያስተምር ጌም ነው። ትዕግሥት ነው ችሎታው፤ ጠባቂውን ታደባለህ፣ ዞር ሲል ታልፋለህ። እንዲህ ሰዓታት ከተጫወትክ በኋላ ጀግናው ይያዝና የማሰቃያ አልጋ ላይ ይታሰራል። ከዚያ የሚፈለግብህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብ ምልክት ያላትን ቁልፍ በኃይልና በፍጥነት መጠቅጠቅ! መርማሪው «ከሞትክ ከዚሁ መቀጠል የለም» ብሎ ያስጠነቅቅሃል፤ ቁልፍን በራሱ የሚመታ ጆይስቲክ ለመጠቀም እንዳታስብም ይነግርሃል። እጅ ከሰጠህ ደግሞ ሜሪል የምትባለዋ ወጣት በመጨረሻው ላይ ሞታ ታገኛታለህ።

አስቡት እንግዲህ። ይህ ማለት ለቼዝ ውድድር የተመዘገበን ሰው ግማሽ ላይ አስነስቶ «መቶ ሜትር ሩጥ፣ ካልቀደምክ ንግሥትህን አጣህ» እንደማለት ነው። የልጁ ጣት ፈጣን ባይሆን ምን ያድርግ? ማድባቱን እኮ ችሏል! በእርግጥ ሠሪዎቹ ቀልደኞች ናቸው፤ ከስቃዩ በኋላ ናኦሚ የምትባለዋ ሐኪም ጆይስቲኩን ክንድህ ላይ አስደግፍ ትልሃለች፤ ጆይስቲኩ እየተንቀጠቀጠ የዛለ ክንድህን ያሽልሃል። ይህንን አደንቃለሁ። ግን ማሸት ያስፈለገው መጀመሪያ ስላሳመሙት ነው።

የጆይስቲክ ነገር ከተነሳ የኒንቴንዶን ጉድ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የመጀመሪያው «ማሪዮ ፓርቲ» በ1998 መጨረሻ ጃፓን፣ በ1999 ደግሞ አሜሪካ ወጣ። ከላይ የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ በየዙሩ መጨረሻ ግን ሚኒ ጌም ይመጣል። ገመድ ጉተታና ብስክሌት መንዳትን የመሳሰሉት ደግሞ የጆይስቲኩን ዱላ በኃይል ማሽከርከር ይፈልጋሉ። ልጆች እንዲፈጥንላቸው በአውራ ጣት ትተው በመዳፋቸው ያሽከረክሩት ጀመር። መዳፍ ተላጠ፣ ውሃ ቋጠረ። ነገሩ እስከ ኒውዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ደረሰና በ2000 ኒንቴንዶ ለአንድ ቤተሰብ እስከ አራት የሚደርስ ጓንት ለመስጠት ተስማማ። ለጌም ጓንት! የግብ ጠባቂ ጓንት እንጂ የጌም ጓንት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛ አገር ይበልጥ የሚታወቀው ግን የ2004ቱ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ነው። ይህ ጌም ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ሆድ የያዘ ነው። ሲጄ ጂም ገብቶ ብረት ያነሳል፤ ሰውነቱ ይዳብራል። በርገር ካበዛ ይወፍራል። ሰፈሩ ያለው ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ ይወረውራል፣ ቡና ቤት ገብቶ በገንዘብ ፑል ይጫወታል። ፑሉን እወደዋለሁ፤ እዚህ ከረንቦላ ቤት ያደገ ልጅ ያለማንም አስተማሪ የሚገባው ነገር ነው። ቅርጫት ኳሱ ግን እውነቱን ልናገርና ባዶ ነው። ተከላካይ የለ፣ ተጋጣሚ የለ፤ ብቻህን መወርወር ነው። ቢሆንም ማንም አላስገደደህምና አትጣላውም። ሰለቸህ? ኳሱን ጥለህ ሂድ።

ከዚያ በረሃው መጣ። አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ በ80 ሺህ ዶላር ግዛ ትባላለህ፤ ከገዛህ በኋላ ደግሞ አብራሪነት ተማር ትባላለህ። አሥር ትምህርት! መነሳት፣ ማረፍ፣ በቀለበት ማለፍ፣ በአየር ላይ መገልበጥ፣ ሄሊኮፕተር፣ በጃንጥላ መውረድ። ሁሉንም ሳታልፍ ታሪኩ አይቀጥልም። የመጣኸው መኪና ለመንዳት ነው፤ ሰፈርህን ለማስመለስ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ትንሽ ቀኝ ስትነካው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ የሚጋደም ነገር ነው። ስንት ልጅ እዚህ በረሃ ላይ ቆሞ እንደቀረ ጌም ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ዞር ብሎ ከተማው ውስጥ መኪና እየነዳ ከፖሊስ ጋር ሲሯሯጥ ውሎ ይገባል እንጂ የታሪኩን መጨረሻ አላየውም። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አውሮፕላን ስትይዝ የሚሰማህ ኩራት ሌላ ነው። ግን ኩራቱን ያየው ያለፈው ነው፤ የወደቀውን ማን ይጠይቀዋል?

ስልክ የሚደውል ጨዋታ

በ2008 «ጂቲኤ 4» ሲመጣ ሠሪዎቹ ሦስተኛ ዓይነት በር ፈጠሩ። በሩ አልተቆለፈም፤ ግን ስልክ ይደውላል! ኒኮ ቤሊክ የአጎቱ ልጅ ሮማን አለው። ሮማን ቦውሊንግ ይወዳል። አንተ ከፖሊስ እየሸሸህ፣ ጎማህ ተቃጥሎ፣ ጥይት በጆሮህ ሥር እያፏጨ ስልኩ ይጮሃል። ቦውሊንግ እንሂድ ነው! እምቢ ካልክ ይከፋዋል፤ ወዳጅነታችሁ ይቀንሳል። እሺ ካልክና ካስደሰትከው ደግሞ በነፃ ታክሲ ይልክልሃል።

ቦውሊንጉ ራሱ መጥፎ አልነበረም። ኳሱን ታነሳለህ፣ ትለካለህ፣ ትለቃለህ፤ ሲወድቁ ድምፁ ደስ ይላል። ሰዉን ያማረረው ጥሪው ነው። ሮማን እስከ ዛሬ የጌም ተጫዋቾች መሳቂያ የሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን ለሮማን ጥብቅና እቆማለሁ። ዘመድ እንዲህ አይደል እንዴ? ሥራ ላይ ሆነህ ነው የሚደውለው። እምቢ ስትለው ነው የሚያኮርፈው። ሠሪዎቹ ስደተኛ የሆነ ዘመዳሞች ታሪክ ሲነግሩ የዘመድን ጣጣ አብረው አስገቡት። በአንድ ከተማ ከአጎቱ ልጅ ጋር የኖረ ሰው ይህችን ያውቃታል። ሐሳቡ ጎበዝ ነበር፤ ጥሪው ግማሽ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጎበዝ ይሆን ነበር።

በ2013ቱ «ጂቲኤ 5» ከዚያ የተማሩ ይመስላሉ። ጎልፍ አለ፤ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሙሉ ሜዳ! ነፋሱ፣ የዱላው ምርጫ፣ የሣሩ ተዳፋት ሁሉ ይቆጠራል። ቴኒስ አለ፣ ቀስት ውርወራ አለ፣ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን የሚያጣምረው ትራያትሎንም አለ። ማንም ና አይልህም፤ ካርታው ላይ ምልክቱ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። በግዳጅ የሚመጣው ዮጋ ነው። ማይክል የሚባለው ዘራፊ ከሚስቱ ጋር መስማማት አለበት ተብሎ ቁልፍ እያስጫኑ ትንፋሽ ያስወጡሃል፣ ያስገቡሃል። እንደ ቀልድ አንዴ ያስቃል። ለሁለተኛ ጊዜ ግን ማን ይጫወተዋል?

በር ያበዛው ደግሞ የሴጋው «ያኩዛ» ነው። የመጀመሪያው በ2005 ጃፓን ወጣ። ታሪኩ የሚካሄደው በቶኪዮው ካቡኪቾ ሰፈር አምሳል በተሠራ ካሙሮቾ የሚባል ሰፈር ነው፤ እውነተኛ የመዝናኛ ሰፈር እንደሚሆነው ሁሉ በየደጁ አንድ ነገር አለ። የቤዝቦል መምቻው፣ ቦውሊንጉ፣ በኋላ በ2009 የመጣው ካራኦኬው። «ያኩዛ 0» ውስጥ ጌም ቤት ስትገባ ደግሞ የሴጋን የድሮ ጌሞች እንደ «አውት ረን» ያሉትን ቁጭ ብለህ ትጫወታለህ። ፊቱ የማይፈታው ኪርዩ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ወንበዴ፣ ቤዝቦል መምቻ ይዞ ኳስ ሲጠብቅ ማየት በራሱ መዝናኛ ነው። ጭንቁ የሚመጣው «መቶ በመቶ ካልጨረስኩ» ለሚለው ሰው ነው። እሱ የጃፓኖቹን ማህጆንግና ሾጊ ሳይወድ በግዱ ሊማር ነው። የራሱን በር በራሱ እጅ ቆልፏልና ማንንም አይውቀስ።

ሁለት መቶ መብረቅ

ወደ ፋይናል ፋንታሲ 10 ልመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚፈተነው እዚያ ነው። በዚህ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ ጀግና ከሁሉ የበለጠ አንድ መሣሪያ አለው። መሣሪያዎቹን ሙሉ ኃይል ለመስጠት ልዩ ልዩ ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተሞቹ ታሪኩን ለመጨረስ ግዴታ አይደሉም። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ግን ዋንጫው ከበሩ ውስጥ ተቀምጧል። እዚህ ነው እሳቱ!

ለሉሉ ማኅተም ነጎድጓድ የማያቋርጥበት ሜዳ ላይ ትቆማለህ። ስክሪኑ ብልጭ ሲል ቁልፍ ትጫናለህ፣ መብረቁን ትዘላለህ። በተከታታይ ሁለት መቶ ጊዜ! አንዴ ከመታህ ከዜሮ። መቶ ዘጠና ላይ ደርሰህ ዓይንህን ብታርገበግብ ከዜሮ። ቆጣሪ ስክሪኑ ላይ የለም፤ አንተው ነህ ጣት እያጠፍክ የምትቆጥረው። ለቲዳስ ማኅተም ደግሞ ቾኮቦ የምትባለዋን ወፍ ጋልበህ ከአሰልጣኟ ጋር ትሽቀዳደማለህ። ፊኛ በነካህ ቁጥር 3 ሰከንድ ይቀነስልሃል፣ የሚወረወሩብህ ወፎች ሲመቱህ 3 ሰከንድ ይጨመርብሃል። የመጨረሻ ሰዓትህ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ! ወፎቹ የሚመጡበት አቅጣጫ በዕድል ነው። በጥሩ ሩጫ ላይ አንድ ወፍ ከጎን መጥታ ጭንቅላትህን ትልሃለች፤ ሩጫው አለቀ።

እነዚህን የሚወድ ሰው አለ ወይ? ጨርሻለሁ ብሎ የሚፎክር አለ፤ ወድጃለሁ የሚል ግን አላጋጠመኝም። መብረቅ መዝለል ምንም ችሎታ አያስተምርህም፤ ትዕግሥትህን ብቻ ይለካል። ወፊቱ ደግሞ ዕድልህን።

በዚያው ጌም ሆድ ውስጥ ያለው ብሊትዝቦል ግን ሌላ ነገር ነው። እውነት ለመናገር ከውጭ ሲታይ አያምርም። ውሃ የተሞላ ግዙፍ ሉል ውስጥ በየወገኑ ስድስት ሰው ይዋኛል፤ ሁለት አጥቂ፣ አንድ አማካይ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አንድ ግብ ጠባቂ። ግማሹ አምስት ደቂቃ ነው። ኳስ ይዘህ ስትዋኝ ተከላካይ ሲደርስብህ ሰዓቱ ይቆማል፤ አቀብላለሁ፣ እመታለሁ፣ ወይስ ሰብሬ አልፋለሁ ብለህ ትመርጣለህ። ከዚያ ቁጥር ከቁጥር ይጋጠማል። የምትህ ኃይል ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ መንገድ ላይ የቆመ ተከላካይ ይቀንሰዋል፤ የተረፈው ከግብ ጠባቂው ቁጥር ከበለጠ ጎል!

የሚጠሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ሉካ ከተማ ላይ ስትደርስ ሳትወድ አንድ ጨዋታ ትጫወታለህ። ማብራሪያው ረጅም ነው፣ ቡድንህ ቢሳይድ ኦሮክስ የሊጉ መሳለቂያ ነው፣ ተጋጣሚህ ሉካ ጎወርስ ደግሞ የሊጉ ኃያል ነው። ብዙው ሰው ይሸነፋል። ግን ልብ በሉ፤ ብትሸነፍም ታሪኩ ይቀጥላል! ብታሸንፍ ትንሽ ሽልማት አለህ፣ ብትሸነፍ ማንም አይመልስህም። ቁልፍ የሌለው በር ማለት ይህ ነው። ሠሪዎቹ እዚህ ላይ ለተሸናፊው ያሰቡለትን ያህል መብረቁ ላይ ቢያስቡ ኖሮ ምን ነበረበት?

ከሉካ በኋላ ሊጉ ያንተ ምርጫ ነው። መጫወት የፈለገ ሰው ጨዋታውን ሴቭ ከሚያደርግበት ቦታ ላይ ሆኖ ይገባል። ስድስት ክለብ አለ። ደስ የሚለው ደግሞ ሜዳው ሳይሆን ዝውውሩ ነው። መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው፣ መርከብ ላይ የቆመው፣ አደባባይ ላይ የሚያወራው፣ ብሊትዝቦል ተጫዋች ሊሆን ይችላል። ታናግረዋለህ፣ ዋጋውን ትጠይቃለህ፣ ለተወሰነ ጨዋታ ታስፈርመዋለህ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ካላደስክለት ሌላ ክለብ ይወስደዋል። የኛ ክለቦች ክረምት ላይ የሚሯሯጡትን ሩጫ ማለት ነው። ዓለምን ልታድን የመጣኸው ሰውዬ ሳታውቀው ቡድን መሪ ሆነህ ታርፋለህ! የመጨረሻ ቦታ ይዞ የለመደን ቡድን በእጅህ ገንብተህ ጎወርስን 3 ለ 0 ስትረታ የሚሰማህን ስሜት፣ ታላላቅ ክለቦችን ይዞ በሚጀመር የኳስ ጌም ውስጥ በቀላሉ አታገኘውም።

ብሊትዝቦልም ንጹሕ አይደለም። የዋካ ማኅተም ያለው ሊጉ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማግኘት ብዙ ጨዋታና ብዙ ውድድር ያስፈልጋል። ጨዋታውን ለሚጠላ ሰው ይህ መብረቁን መቶ ጊዜ ያስናፍቀዋል። አንድ ሰው የሚወደው ሊግ ለጎረቤቱ እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ትልቁን ሽልማት በትንሿ ጨዋታ ሆድ ውስጥ መደበቅ ጥሩ ልማድ አይደለም የምለው። በ2015ቱ «ዊቸር 3» ውስጥ ያለችውን ግዌንት የምትባል የካርታ ጨዋታ እዩአት። ገራልት እንደ ልጁ የሚያያት ወጣት እየታደነች፣ እሱ ባለሱቅ ባየ ቁጥር «አንድ ጨዋታ እንጫወት?» ይላል። ካርታ የማይወድ ሰው ግን ወደ ልጅቷ የሚወስደውን መንገድ ይዞ መሄድ ይችላል። ተወዳጅነቷ ጨምሮ በ2018 ራሷን የቻለች ጌም ሆና ወጣች።

የኳስ ጌሞቹ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፊፋ ላይ ግጥሚያው እስኪጫን ድረስ አንድ ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ ባዶ ሜዳ ላይ ሲቀመጡ ያላየ የለም። በ2012 የወጣው «ፊፋ 13» ደግሞ ያንን ክፍተት በልምምድ ሞላው፤ ቅጣት ምት፣ ኢላማ መምታት፣ በእንቅፋት መሀል ኳስ ይዞ ማለፍ። እዚህ ላይ ልዩ የሆነው የተማርከው ነገር አብሮህ ወደ ዋናው ጨዋታ መግባቱ ነው። አብራሪነቱ ከተማ ውስጥ መኪና ለመንዳት አልጠቀመም። እዚህ የለመድከው ቅጣት ምት ግን 89ኛው ደቂቃ ላይ ይፈለጋል። አዝራሩ ተጭኖ ግጥሚያው ሲጀመር ደግሞ «ቆይ፣ አንዴ ልምታ!» የሚል ጓደኛ አይጠፋም።

ፋይናል ፋንታሲ 10 በ2013 ታድሶ ከወጣ በኋላ ለአዳዲሶቹ መሣሪያዎችም ስለቀረበ ዛሬም የሚጀምረው ሰው አለ። ለእሱ ሁለት ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ የኦሮክሱን ግብ ጠባቂ ኪፓን በጊዜ አሰናብት፤ ቸር ሰው ነው፣ ኳስ ግን አይዝም። ሉካ ከተማ ጁማል የሚባል ክለብ የሌለው ግብ ጠባቂ አለልህ፣ እሱን አስፈርም። ሁለተኛ፣ አንድ ለዜሮ መራህ እንበልና ጎወርሶች መጡብህ። ኳሱን ይዘህ ከራስህ ጎል ጀርባ ዋኝና ተቀመጥ። የተጋጣሚ ተጫዋቾች እዚያ ድረስ አይመጡም፤ ፊት ለፊትህ እየተንሳፈፉ ሰዓቱ ያልቃል። አሳፋሪ ነው፣ አውቃለሁ። ዳኛው ግን ቢጫ ካርድ የለውም።